«አልጋዬ ላይ ሆኜ ትንፋሽ ብይዝ ምን ያደርገኛል?»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 26 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ትንፋሽ መያዝ እለማመዳለሁ። መጀመሪያ 30 ጊዜ ያህል በፍጥነት፣ በኃይል እተነፍሳለሁ፤ ከዚያ እይዛለሁ። ከ1 ደቂቃ ተነስቼ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ደርሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ጣቶቼን ወረረኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፤ ከዚያ ስልኩን ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። መቼ እንደወደቀ አላውቅም። ጣት ላይ በሚሰካው መለኪያ ሳየው ኦክስጅኔ ደህና ነው። ውሃ ውስጥ እስካልሆንኩ ድረስ አደጋ አለው? ደግሞ ደገኛ ስለሆንን ሳንባችን ጠንካራ ነው ይባላል። ለበዓል ላንጋኖ ስንሄድ ውሃ ውስጥ ልሞክረው አስቤአለሁ። ጓደኛዬ እዚያው ክፍል ስለሚተኛ ብቻዬን አይደለሁም።»

ወንድሜ፣ ከስልኩ እንጀምር። አጠገብህ ሆኜ አላየሁህም። ከነገርከኝ ተነስቼ ግን ራስህን ስተህ ነበር ብዬ ነው የምወስደው። ምናልባት ለ5 ሰከንድ፣ ምናልባት ለ15። ጋደም ብለህ ስለነበር የወደቀው ስልኩ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ «አደጋ አለው?» ላልከው ግማሹን መልስ ራስህ ሰጥተኸዋል። አዎ፣ አለው። በደረቅ መሬት ላይ ትንፋሽ ይዞ የሚሞት ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን አልደብቅህም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በሁለት ወር ውስጥ ሰውነትህን ያስለመድከው ነገር ነው። እሱን ይዘህ ላንጋኖ ልትገባ ነው።

እኔ የሰመመን ሐኪም ነኝ። ሥራዬ በአጭሩ ሰው አስተኝቶ ትንፋሹን መረከብ ነው። መድኃኒቱን ስሰጥ በሽተኛው መተንፈስ ያቆማል። ቱቦ አስገብቼ እኔ እስክተነፍስለት ድረስ ያለችው ጊዜ የሙያችን ጭንቅ ናት። ለዚህ ነው አስቀድመን ለ3 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን በጭንብል የምንሰጠው። እንዲህ ስንቅ የያዘ ጤነኛ አዋቂ ትንፋሹ ቆሞም የኦክስጅን መለኪያው ወደ 90 በመቶ እስኪወርድ 8 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ተራ አየር ሲስብ የቆየ ከሆነ ግን 1 ደቂቃ ገደማ ነው። አንተ ሳንባህን ሞልተህ ስለምትይዝ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ታገኛለህ። ዋናው ነገር ግን ያው ነው፤ ሳንባህ ውስጥ የቋጠርከው ስንቅ።

በነገራችን ላይ ዩቲዩብ ላይ የምታያቸው ጉድ የሚያሰኙ ደቂቃዎች ምሥጢራቸው እዚህ ጋ ነው። ክሮኤሺያዊው ቡዲሚር ሾባት እ.ኤ.አ. በ2021 ውሃ ውስጥ 24 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ቆይቷል። አስቀድሞ ንጹሕ ኦክስጅን ስቦ ነው። ተራ አየር ብቻ ይዞ ፈረንሳዊው ስቴፋን ሚፍሱድ በ2009 የደረሰው 11 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው። ሁለቱም አጠገባቸው የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። ስልክ ይዘው አልጋ ላይ አልነበሩም።

አሁን ወደ 30ዎቹ ፈጣን ትንፋሾችህ። ብዙ ሰው «ኦክስጅን ልሙላ» ብሎ ነው የሚያደርጋቸው። የሚሞላው ግን ጥቂት ነው። ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ ሲተነፍስም ደሙ ሊሸከም የሚችለውን ኦክስጅን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። በፍጥነት ስትተነፍስ በብዛት የሚራገፈው ሌላ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት «የተቃጠለ አየር» እያልን የተማርነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

ችግሩ «ተንፍስ! ተንፍስ!» ብሎ የሚጮኸው እሱ መሆኑ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ አእምሮአችን እምብዛም አይጮህም። የሚጮኸው የተቃጠለው አየር ሲጠራቀም ነው። ደረትህን የሚያስጨንቅህ፣ ሆድህን የሚያርገበግበው፣ ጉሮሮህን የሚተናነቅህ ስሜት የሱ ነው። እሱ ዘበኛህ ነው። አንተ ታዲያ በየማታው ዘበኛውን አስክረህ ታስተኛዋለህ። ኦክስጅኑ እያለቀ ነው፤ አንተ ግን «ዛሬ እንዴት ተመቸኝ!» ትላለህ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

ጣትህን የወረረህ፣ ከንፈርህን ያደነዘዘህም ያው የተቃጠለው አየር መራገፍ ነው። እሱ ሲያንስ ወደ አእምሮ የሚሄዱ የደም ሥሮችም ይጠባሉ። ማለትም ገና ትንፋሽህን ሳትይዝ አእምሮህ የሚደርሰው ደም ቀንሷል። ድክም የሚለው፣ ዓለም ራቅ ራቅ የሚልበት፣ አንዳንዱ ሰው «ደስ የሚል ስሜት» የሚለው ነገር መነሻው ይኸው ነው። ስለዚህ 3 ደቂቃ ከ10 ውስጥ የሳንባህ ጥንካሬ ስንት ነው፣ የዘበኛው እንቅልፍ ስንት ነው ብትለኝ፣ የሁለተኛው ድርሻ ትንሽ አይመስለኝም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አልበርት ክሬግ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1961 ከመጥለቃቸው በፊት በፍጥነት ተንፍሰው ውሃ ውስጥ ራሳቸውን ስለሳቱ ዋናተኞች ጽፈዋል። የተረፉት «ልስት ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ አልደረሳቸውም። እየዋኙ ነበር፤ ከዚያ የሚያስታውሱት ገንዳው ዳር ሲነቁ ነው።

«ደገኛ ስለሆንን» ላልከው ደግሞ፣ አባባሉን እኔም እወደዋለሁ። ሯጮቻችንን ስናይ አፋችንን ሞልተን እንናገረዋለን። እውነትነትም አለው። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ሰሜን ተራሮች ውስጥ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው ያለው ኦክስጅንም፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢናቸውም ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር ሲቀራረብ አግኝተውታል። የአንዲስ ተራሮች ሰዎችም ሆኑ ቲቤቶች እንዲህ አይደሉም። ግን ያ እየተነፈሰ ስላለ ሰው ነው። ትንፋሹን የያዘ ሰው ሌላ ነው፤ የሚኖረው በያዘው ስንቅ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሳንባህን እስከ አፉ ብትሞላው እንኳ፣ ጅቡቲ ያለ እኩያህ ከሚይዘው ኦክስጅን ሦስት አራተኛውን ያህል ነው የምትይዘው። ፍጆታው ግን አይቀንስልህም። አንድ አዋቂ ጋደም ብሎም በደቂቃ ሩብ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ደገኛ ይሁን ቆለኛ። የምትከተለው አፕ ካለ፣ የምትኖርበትን ከፍታ ጠይቆህ ያውቃል? አይመስለኝም።

ሌላም ነገር አለ። የደም ኦክስጅን አወራረዱ እኩል አይደለም። በመኪና ወደ ጎጃም ሄደህ ከሆነ ይገባሃል። እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ሜዳው ያው ሜዳ ነው፤ ሹፌሩም ዘና ብሎ ያወራል። ከዚያ ድንገት መሬቱ ይከዳሃል፤ የዓባይ በረሃ ነው። ኦክስጅንም ከ98 እስከ 90 ድረስ ያለው ሜዳው ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ምንም አይሰማህም። ከ90 በታች ግን ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ 80፣ 70፣ 60 እያለ ይንደረደራል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚስተው 50ዎቹ አካባቢ ሲደርስ ነው። ጅቡቲ ያለው እኩያህ ጉዞውን ከሱሉልታ ቢጀምር፣ አንተ የምትነሳው ከገብረ ጉራቻ ነው። ገደሉ ላንተ ቅርብ ነው።

«መለኪያው ደህና ነው ይላል» ብለሃል። መለኪያው አይዋሽም፤ ግን ይዘገያል። ሳንባህ ውስጥ የሆነው ነገር ጣትህ ጫፍ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ትንፋሽ ስትይዝ የጣት የደም ሥሮች ስለሚኮማተሩ ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። የምታየው የአሁኑን ሳይሆን የቅድሙን ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ይህን በዓይኔ አያለሁ። በሽተኛው መተንፈስ ከጀመረ በኋላም ቁጥሩ ለጥቂት ጊዜ ቁልቁል ይሄዳል። አዲስ ተማሪዎች ይደነግጣሉ፤ እኛ «ጠብቁት፣ ይመለሳል» እንላለን። ላንተ ግን መዘግየቱ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። 92 እያሳየህ ራስህን ልትስት ትችላለህ።

እግረ መንገዴን፣ ክፍላችሁ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ከሰሉ እዚያው ከቆየ በምንም ዓይነት እንዳትሞክረው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደምህ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የጣት መለኪያው ደግሞ ሁለቱን አይለያቸውም። 98 ብሎ ያታልልሃል።

እሺ፣ አልጋ ላይ ራስህን ብትስት ምን ይሆናል? አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሰውነት ራሱ ትንፋሽ ይጀምራል። ትነቃለህ። ትንሽ ትደናገራለህ። እጅና እግርህ ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል ያየህ ሰው የሚጥል በሽታ ይመስለዋል። አልፎ አልፎ ግን በቀላሉ አያልፍም። በሆድህ ተኝተህ ፊትህ ትራስ ውስጥ ከገባ፣ አንገትህ ታጥፎ ምላስህ ጉሮሮህን ከዘጋው፣ ወይም ጥግብ ያለ ራት በልተህ ካስመለሰህ ያች የምታድነው ትንፋሽ መንገድ ታጣለች። ቆመህ ወይም እየተራመድክ ከሆነ ደግሞ መውደቅ አለ። ልጆች ሳለን በእረፍት ሰዓት የምንጫወተው አንድ ክፉ ጨዋታ ነበር። ቁጢጥ ብለን ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን፤ ከዚያ ብድግ ብለን ትንፋሽ እንይዛለን። የወደቀው ልጅ ያስቀን ነበር። አንዱ ጓደኛችን ሁለት የፊት ጥርሶቹን በዴስክ ጠርዝ ላይ ተወ። ዛሬም ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ራስን በማሳት ጨዋታ ሳይሞቱ አልቀሩም ያላቸውን 82 ልጆችና ወጣቶች መዝግቧል። የነሱ አንገት ማነቅ ስለነበር ካንተ ልምምድ ጋር አንድ አይደለም። አንድ ነገር ግን ይመሳሰላል። ከሞቱት አብዛኞቹ ብቻቸውን ነበሩ።

«ደጋግሞ ማድረጉ አእምሮን ይጎዳል ወይ?» ብለህ አልጠየቅከኝም፤ ሌሎች ግን ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የስዊድን ጥናት በአማካይ ከ5 ደቂቃ በላይ ትንፋሽ በያዙ ስልጡን ጠላቂዎች ደም ውስጥ፣ አእምሮ ሲጎዳ የሚጨምር አንድ ፕሮቲን ለጊዜው ከፍ ብሎ እንደተመለሰ አሳይቷል። ይህ ብቻውን «አእምሮአቸው ተጎዳ» አያሰኝም። እኔ ግን ሰው ራሱን እስኪስት ድረስ በየማታው እንዲሞክር አልመክርም። ትንፋሽ ሲያዝ ልብ ቀስ ትላለች፣ የደም ግፊት ደግሞ ይወጣል። ደም ግፊት፣ የልብ ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ አስም ወይም ከባድ ደም ማነስ ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴትም፣ ይህን ልምምድ ጭራሽ ይተዉት።

ሰዎች ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ከሌሎቹ የባሱ ናቸው። ሳንባን ባዶ አድርጎ መያዝ አንዱ ነው። ስንቅ የለህምና ወደ ገደሉ የምትደርሰው በጣም ፈጥነህ ነው። ሳንባ ሞልቶም በአፍ እየዋጡ ተጨማሪ አየር ማጨቅ ሌላው ነው። ደረት ሲወጠር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ራስን ሊያስት ይችላል፣ ሳንባንም ሊቀድ ይችላል። ስቲም ውስጥ የሚለማመዱ ልጆች እንዳሉም ሰምቻለሁ። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ከፍቶ ግፊትህን አውርዶታል፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ የቀረውን ጨርሰው። መኪና እየነዱ ስለሚሞክሩት ምንም አልልም። ምን እላለሁ?

አሁን ወደ ላንጋኖ። አልጋ ላይ ራስህን ስትስት የሚያድንህ ሰውነትህ ሳያማክርህ የሚስባት ያች የመጀመሪያ ትንፋሽ ናት አልኩህ። ውሃ ውስጥ የምትገድልህ እሷው ናት። ያው ትንፋሽ፣ ያው ሳንባ፤ የሚገባው ግን ውሃ ነው። ትንፋሽ የያዘ ሰው ሲሰጥም አይንፈራገጥም፣ አይጮህም። ዝም ብሎ ይቆማል። ዳር ያሉት ጓደኞቹ «አቤት ሲችል!» እያሉ ሰዓት ይቆጥሩለታል። የላንጋኖ ውሃ ደግሞ ቡናማ መሆኑን ታውቃለህ። ገላህን ከወገብህ በታች ማየት አትችልም። እዚያ ውስጥ ዝም ያለ ሰው በምን ይገኛል?

ጥልቁ ብቻ እንዳይመስልህ። የሆቴል ገንዳ፣ የቤት ባኞ፣ ፊት የሚነከርበት ሳፋ ሳይቀር ይበቃል። በፍጥነት ተንፍሶ ትንፋሽ መያዝን በዓለም ላይ ያስፋፋው ሆላንዳዊው ዊም ሆፍ እንኳ ዘዴውን ውሃ ውስጥና መሪ ላይ እንዳትሞክሩት ብሎ ያስጠነቅቃል። ሰዎች ቪዲዮውን እስከዚያ ድረስ አያዩትም መሰለኝ።

«እኔ ብዙ ስለተለማመድኩ» እንዳትለኝ ደግሞ ናታሊያ ሞልቻኖቫን ልጥቀስልህ። ሩሲያዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ውሃ ላይ ተደፍታ ትንፋሿን 9 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ በመያዝ የሴቶችን ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። በዘርፉ ከሷ የሚስተካከል አልነበረም ማለት ይቻላል። ነሐሴ 2 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ስፔን፣ ፎርሜንቴራ ደሴት አጠገብ ተማሪዎች ስታስተምር ለራሷ አንድ ጊዜ ጠለቀች። አልተመለሰችም። አስከሬኗም አልተገኘም።

እንግዲህ ምን ታድርግ? መጀመሪያ ልምምዱን አቁምና ጤና ተቋም ሄደህ ታይ። ትንፋሽ ይዘህ መሆኑን ሳትደብቅ ራሴን ስቼ ነበር በል። የልብ ምት የሚያነበውን ኢሲጂ ያንሱህ። ከቤተሰብህ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ፣ ወይም ራሱን ይስት የነበረ ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገረው። አንዳንድ የልብ ችግር የሚታወቀው እንዲህ በአጋጣሚ ነው። ምናልባት ምንም አይገኝብህ ይሆናል፤ እሰየው።

ከዚያ በኋላ መቀጠል ከፈለግህ፣ አልከለክልህም፤ ብከለክልህም እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። 30ዎቹ ፈጣን ትንፋሾች ግን ይቅሩ። ለድርድር አላቀርባቸውም። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደ ወትሮህ በዝግታ ተንፍስና ያዝ። ሆድህ መርገብገብ ሲጀምር ዘበኛው ጮኸ ማለት ነውና ተንፍስ። ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈህ ጋደም በል፤ አጠገብህ ኮመዲኖም ሆነ ሹል ነገር አይኑር። ወዲያው ከበላህ በኋላ አይሁን። በልምምዱ መሐል ብድግ ብለህ ወደ ሽንት ቤት እንዳትሄድ። ትንሽ ቁጭ ብለህ ነው። ውሃውን በተመለከተ፣ ላንጋኖ ስትሄድ ዋኝ፣ ተዝናና፣ ዓሣ ብላ። ትንፋሽ ይዞ መጥለቅን ግን አሠልጣኝ አጠገብህ ሆኖ፣ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ላይ ሆኖ በሚጠብቅበት ሥርዓት ካልተማርክ አትሞክረው።

የቀረው ጓደኛህ ነው። የተኛ ሰው አጠገብ መለማመድ ብቻህን ከመለማመድ አይለይም። እንዲያውም ይብሳል፤ ሰው አለ ብለህ ትዘናጋለህ። ስለዚህ ገና ሳይተኛ ይህን አስነብበው። ራስህን ከሳትክ በጎንህ ያስተኛህ፣ አገጭህን ቀና አድርጎ የአየሩን መንገድ ይክፈትልህ፣ በስምህ ይጥራህ። ውሃ አይድፋብህ። ክብሪት ጭሮ አፍንጫህ ሥር እንዳይለጥፍ አደራ፤ አንተ የምትፈልገው አየር እንጂ ጭስ አይደለም። በ10 ሰከንድ ውስጥ ካልተነፈስክ በጀርባህ አስተኝቶ፣ አፍንጫህን ይዞ፣ በአፍህ ይተንፍስልህ። ስፒከር ላይ አድርጎም 907 ይደውል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ በትራስ ላይ ተለማመዱት። «እንቅልፌ መጥቷል» ካለህ ሰዓቱን ዝጋና አንተም ተኛ።